አባቴና የተዘጋው ቱቦ

ጎንደር ውኃ በወረፋ ነው የሚመጣው። እኛ ሰፈር አንዳንዴ በሳምንት፣ አንዳንዴ በዐሥራ አምስት ቀን፣ አንዳንዴም ደስ ሲለው ብቻ ይመጣል። የመጣ ዕለት ሰፈርተኛው ሁሉ ያብዳል። በርሜል ይሞላል፣ ብርድ ልብስ ይዘፈዘፋል፣ ለሳምንት የተከመረ ድስት ይፈተጋል፣ ያልቆሸሸ ሰው ሳይቀር ገላውን ይታጠባል። ሁለት ሳምንት ሙሉ በቀን አንዲት ጆግ እጣቢ ብቻ ሲወርድበት የከረመው ቱቦ፣ ቅባቱ በውስጡ ደርቆ ሳለ፣ በአንድ ጠዋት ያን ሁሉ ዋጥ ይባላል። ይህን ከወዲሁ የማወራው አንባቢ ጥፋቱን ለእኔና ለውኃው ወረፋ እኩል እንዲያካፍልልን ነው። አለዚያማ ጥፋቱ የእኔው ነው።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህርት ነኝ። ማራኪ አካባቢ፣ ዳገት ላይ የተሠራች ባለ ሦስት ክፍል ቤት አለችኝ፤ ብቻዬን ነበር የምኖርባት። ባለፈው ጥቅምት አባቴ ወገራ ላይ፣ እዚያው በገዛ ደጁ አንሸራቶት ወደቀና ዳሌው ተሰበረ። ሆስፒታል ከርሞ ሲወጣ እኔ ዘንድ አመጣሁት። እናቴ ካረፈች ቆይታለች። መሬቱን የአጎቴ ልጆች በእኩል ያርሱለታል፣ ቤቱ ግን ባዶ ነው። የእኔ አንድ ሐሳብ አባቴ ከእኔ ጋር እንዲቀር ነበር፤ የእሱ አንድ ሐሳብ ደግሞ መሄድ።

በየጠዋቱ ፊቱን ታጥቦ፣ ጋቢውን አጣጥፎ ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ መናኸሪያ መኪና እንደሚጠብቅ ሰው ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ ይቀመጣል።

«በይ እንግዲህ፣ እግሬም ሸጋ ሁኗል። ልሂድ።»

«ሐኪሙ ገና ነው ብሏል፣ አባየ።»

በማግስቱ፣ «ልሂድ።»

«መንገዱ አልተከፈተም አሉ።»

በሦስተኛው ቀን፣ «ልሂድ።»

«መድኃኒቱ አምባ ጊዮርጊስ አይገኝም፣ ጠይቄያለሁ።»

ሰበብ አያልቅብኝም። ከዚያ ሐኪሙን እንደገና ከመጀመሪያ እጀምረዋለሁ። አባቴም ሰምቶ ወደ መንገዱ ዞሮ የሚያልፈውን ባጃጅ ያያል። ዕድሜ ልኩን ሥራ ፈትቶ የማያውቅ ሰው ነው። እኔ ቤት ግን የሚሠራው ሥራ መብላት ብቻ ነበር፣ እሱንም ቢሆን ደስ ብሎት አይሠራውም።

ግንቦት ላይ የማኅበር ተራ ደረሰኝ። ጠላው ተጠምቆ፣ በጉ ተገዝቶ፣ ሠላሳ ያህል ማኅበርተኛ እሑድ ሊመጣ፣ ውኃው ቅዳሜ ጠዋት መጣ። እሰይ ብዬ እጅጌዬን ሰብስቤ ወደ ዕቃው ገባሁ። ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳልሠራ የላቫንዲኖው ውኃ አልወርድም ብሎ ቆመ። ባልዲ የፈላ ውኃ ደፋሁበት። ከዚያ ውኃው ወረደ፤ እኔም ደስ አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ወደ መታጠቢያ ቤት ስገባ፣ ወጥ ቤት ያፈሰስኩት የምስር እጣቢ በዚያኛው ወለል ላይ ብቅ ብሎ እየዞረ ነው።

ጉድ ፈላ አልኩ። እጀታ ባለው ላስቲክ ገፋሁ፣ ሳብኩ፣ ተሳደብኩ። ውኃው ከወጥ ቤት ሲገፋ በመታጠቢያ ቤት ይወጣል፣ ከመታጠቢያ ቤት ሲገፋ ወደ ወጥ ቤት ይመለሳል። በዚህ መሐል አባቴ ጥርሱን በመፋቂያ እየፋቀ መጣና ላቫንዲኖው ላይ ጎንበስ ብሎ ተመለከተ። መፋቂያውን ሳይ ደሜ ፈላ። ዘወትር ጥርሱን የሚፍቀው እዚያች ላቫንዲኖ አጠገብ ቆሞ ነው።

«አባየ፣ አንተ ነህ እንዴ ይህን እንጨትህን እዚህ እየጣልክ ቱቦውን የዘጋኸው?»

በክፍል ውስጥ የቤት ሥራ ያልሠራ ተማሪ በማናግርበት ድምፅ ነው ያልኩት። ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ተሰማኝ፣ ግን አልመለስኩትም።

መፋቂያውን ከአፉ አወጣና፣ «እኔ ነኝ?» አለ።

«ከአንተ ሌላ በዚህ ቤት እንጨት የሚያኝክ ማን አለ?»

መፋቂያውን ኪሱ ከተተው። «በይ፣ ማኅበሩ ይለፍልሽና ማክሰኞ እሄዳለሁ» አለ፣ ወጥቶም ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በፊት ቀን ቆርጦ አያውቅም ነበር። ተከትዬው ልወጣ ነበር። ግን ሠላሳ ሰው ይመጣል፣ የምስር እጣቢ ወለሌ ላይ ይዋኛል፤ ለቧንቧ ሠራተኛው ደወልኩ።

የቧንቧ ሠራተኛው የሠላሳ ምናምን ዓመት ሰው ነው፣ ስልኩ የማያርፍ፣ አፉም የማያርፍ። ገና የግቢውን በር ሳያልፍ «ምንም ችግር የለውም» አለ። ረጅም የብረት ሽቦ ወደ ቱቦው ሰደደ። ሽቦው አንድ ክንድ ያህል ገብቶ ተቀረቀረ፤ ስቦ ለማውጣት ሁለታችንም ተጋገዝን። «ምንም ችግር የለውም» ብሎ አሲድ አፈሰሰበት። ላቫንዲኖው ተንጫጨ፣ አረፋ ደፈቀ፣ ዐይን የሚለበልብ ጭስ ወጣና እየሳልን ወደ ግቢ ሸሸን። ጭሱ ሲበርድ ገብተን ስናይ፣ ከላቫንዲኖው ሥር የታጠፈችው የፕላስቲክ ቱቦ በሙቀቱ ለስልሳ ጠማለች። የተደፈነው ነገር ግን ንቅንቅ አላለም።

«ምንም...» ሲል አቋረጥኩት። «ችግር አለው!» አልኩት።

አባቴ ከወንበሩ ሳይነሣ ጠየቀው። «ስማ እንጂ፣ ይህ ውኃ ከቤት ወጥቶ የት ነው የሚሄድ?»

«ወደ ጉድጓዱ ነዋ፣ አያ።»

«በየት በኩል?»

ሠራተኛው በእጁ ወደ ግድግዳው፣ ከዚያ ወደ አጥሩ፣ ከዚያ ወደ ባሕር ዛፉ ጠቆመ። «በዚህ በኩል ይመስለኛል።»

«እኛ አገር 'ይመስለኛል' ብለን ፈሰስ አናወጣም» አለ አባቴ።

ፈሰስ የሚለው፣ የክረምቱ ውኃ አዝመራውን ጠርጎ እንዳይወስደው በማሳው ላይ አግድም በሞፈር እየተሠነጠቀ የሚወጣውን ቦይ ነው። እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አይደለም። ቦዩ በጣም ካዘቀዘቀ ውኃው አፈሩን ይዞት ይሄዳል፣ ካላዘቀዘቀ ደግሞ እዚያው ተኝቶ እህሉን ያበሰብሰዋል። አባቴ በዚህ ሥራ በአካባቢው የታወቀ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ፈሰስ ሊያወጣ ሲል መጀመሪያ እሱን ጠርቶ ማሳውን ያሳየው ነበር። እኔ ይህን ልጅ ሆኜ አውቀው ነበር፤ ቤቴ ሲመጣ ግን ረሳሁት።

ከቤቱ ግድግዳ ጥቂት ራቅ ብሎ ያለውን የማንሆል ክዳን አስከፈተን። ከዚያ በአጥር ወዲያ ላለችው ላም አርቢ ጎረቤቴ አንድ እፍኝ ገለባ እንድታቀብለን ነገራት። ገለባውን ውኃው ላይ በተነና እኔን አንድ ባልዲ በቀስታ እንዳፈስ አዘዘኝ። ገለባው ወደ ጉድጓዱ በኩል ትንሽ ሄደ፣ ቆመ፣ አሰበበት፣ ከዚያ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

«ይኸውላችሁ፣ ውኃው ወደ ቤት ነው የሚሄድ» አለ አባቴ።

ሠራተኛው ሳቀ። «አያ፣ ይህ እኮ ቱቦ ነው፣ ማሳ አይደለም።»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «ዶማ አለሽ?» አለኝ።

ዳሌው ስለማይፈቅድለት በርጩማ ላይ ተቀምጦ በምርኩዙ እየጠቆመ፣ እኔና ሠራተኛው መቆፈር ጀመርን። እንዲያ ያለ ድምፅ እንዳለው ረስቼ ነበር። «ግራ! ግራ በል! ቀስ... ቀስ... ተው! በቃ!» ይላል። ሠራተኛው የበሬ ትእዛዝ እንደሚቀበል ገብቶታል፣ ግን የስልኩን ጥሪ እንኳ ሳያነሣ ግራ ሲባል ግራ፣ ቀኝ ሲባል ቀኝ ይላል። ቱቦው ጀርባው ሲታይ አባቴ የምግብ ትሪ አስመጣኝ፣ ጥቂት ውኃ ጨመረበትና በቱቦው ላይ አስቀመጠው። ውኃው በሙሉ ተንከባሎ ወደ ቤቱ በኩል ባለው ጠርዝ ተጠራቀመ። ዐሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስሎፕ፣ ማለትም የመስመር ማዘቅዘቅ፣ ምን እንደሆነ ሳስተምር ኖሬአለሁ፤ ስሎፕ የሚባል ነገር በገዛ ግቢዬ ይኖራል ብዬ ግን ለአንድ ቀን እንኳ አስቤ አላውቅም።

ሠራተኛው ትሪውን አየና ተቆጣ። «ይሄን ቱቦ የቀበረው ምን ዓይነት ሰው ነው?» አለ።

«አንተ ነህ» አልኩት። ቤቱ ሲሠራ የቀበረው እሱ ነው፤ የርክክቡን ወረቀት ሳይቀር ራሱ ነበር የፈረመው።

«መሬቱ ይሆናላ የተንቀሳቀሰ» አለና ወደ ቁፋሮው ተመለሰ።

ቱቦውን መጋዝ አስገብቶ ሲቆርጠው መጀመሪያ ወፍራም ግራጫ ቅባት ወጣ። ቀጥሎ በቅባቱ ተጠቅልሎ የእንጨት ስብርባሪ ብቅ አለ። ይህን ጊዜ አላስቻለኝም። ዘልዬ አንዱን መዘዝኩና ከፍ አድርጌ ያዝኩት።

«ይኸው! መፋቂያ! አላልኩም?»

አባቴ እጁን ዘረጋ። እንጨቱን ተቀበለኝ፣ በሣር ጠረገው፣ አሸተተው። «ጌሾ ነው» አለ።

ሠራተኛው ተቀብሎ አሸተተ። «ጌሾ ነው፣ መምህርት።»

ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ «እስቲ አምጡት» አለች። ሰጠናት። «ኧረ ጌሾ ነው!» አለች፣ የሚቃወም እንዳይኖር ጮክ ብላ።

ሦስት ምስክር ቆሞ ሲፈርድብኝ አራተኛው ራሱ ከቱቦው ወጣ፦ የፋሲካ ጠላዬ አተላ። ጠቁሮ፣ ኮምጥጦ፣ ከበጉ ሞራ ጋር ተጋግሮ። ያኔ ሁሉም ትዝ አለኝ። ከፋሲካ በኋላ ውኃ የመጣ ዕለት የጠላውን በርሜል እያጠብኩ፣ ወፍራም ቀጭን ሳልል ከነጌሾው ላቫንዲኖው ላይ ደፍቼዋለሁ። የበግ ወጡንም ድስት በላዩ። በአባቴ ቤት አተላ የሚደፋበት ቦታ አይታሰብም፣ ላሟ ገና ሲሸታት ትመጣለች። እኔ ላም የለኝም፤ ስለዚህ ቱቦውን አጠጣሁት።

«እኔ እያለሁ?» አለች ጎረቤቴ። «ላሜ ገለባ እያኘከች በአጥር ታይሻለች፣ አንች አተላ ትደፊያለሽ?» በእውነት ተቀይማኛለች።

አባቴ ኪሱ ውስጥ እጁን ከቶ መፋቂያውን አወጣና መፋቅ ቀጠለ። በዚያች ሰዓት ይቅርታ ልለው ፈልጌ ነበር። ፊቴ ግሏል፣ ቃሉ ምላሴ ላይ ነው። አፌን ስከፍት የወጣው ግን፣ «ፀሐይ ላይ ነህ እኮ፣ ወንበርህን ወደ ጥላ ላምጣልህ?» የሚል ነበር።

«ሸጋ ነኝ» አለ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አዲሱ ቱቦ ተቀበረ፤ ትሪው በየሁለት ክንዱ እየተቀመጠ፣ አባቴ በቃ እስኪል ድረስ። እሑድ ማኅበርተኛው መጣ። በልቶ ጠጥቶ እጁን ሲታጠብ ውኃው ላቫንዲኖው ላይ ሳይንገላታ ሹልክ ብሎ ይወርዳል። ይህን ልብ ያሉት የንስሐ አባቴ ናቸው። «ምን አድርገሽው ነው? እኛ ቤትማ ይህ ነገር ትልቅ ፈተና ሁኖብናል» አሉ። አባቴን ጠቆምኩት። ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረና የወገራው ገበሬ ስለ ቱቦ አስተማረ። ድስት ሳይታጠብ በፊት ቅባቱ በወረቀት ይጠረግ አለ። የላቫንዲኖው አፍ ወንፊት ይደረግበት፣ ውኃ የመጣ ዕለት ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ባልዲ ሙቅ ውኃ ይልቀቁበት አለ። «አተላ ደግሞ ለላም ነው» ሲል ወደ እኔ አላየም፤ የቀረው ማኅበርተኛ ግን በሙሉ አየኝ።

ሰኞ ጠዋት ለቱቦው አባቴን ፈልጎ በር ላይ ሦስት ሰው ቆሞ ነበር። አንዱ የንስሐ አባቴ ናቸው። ማክሰኞ ሊሄድ የነበረው አባቴ ማክሰኞ ዕለት የሰው ግቢ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ግራ በል ቀኝ በል ይል ነበር። ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ ማን ያግኘው። ትሪዋን በጋቢው ሥር ይዞ፣ በምርኩዙ እየተደገፈ ቁልቁል ይወርዳል። ያ የቧንቧ ሠራተኛ ሳይቀር፣ «አያ፣ አንድ ያስቸገረኝ ቱቦ አለ፣ ይምጡልኝ» እያለ ይደውልለት ጀመር። እራት ላይ የሰው ቱቦ ውስጥ ምን ምን እንደተገኘ ያወጋኛል፤ የልጅ ካልሲ፣ ማንኪያ፣ አንድ ሙሉ የሽንኩርት ልጣጭ ጉዝጓዝ። እየበላሁ እንደሆነ ግድ አይሰጠውም። የእኔንም ቤት ማታ ማታ ይቆጣጠራል።

«ይህ ወንፊቱ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«አንዲት ምስር ናት፣ አባየ።»

«ዛሬ አንዲት ናት። እስቲ እስከ ፋሲካ ቁጠሪያት።»

ከአንድ ወር በላይ ልሂድ የሚል ቃል ከአፉ አልሰማሁም። ደስታዬን ለማንም አልተናገርኩም፤ ብናገረው የሚሄድብኝ መሰለኝ።

ችግሩ አባቴ ጥሩ አስተማሪ መሆኑ ነው። እኔ ዐሥራ አምስት ዓመት አስተምሬ ያላገኘሁትን ውጤት እሱ በስድስት ሳምንት አገኘው። ሰፈርተኛው ሁሉ ድስቱን ይጠርጋል፣ ወንፊቱን ይደፋል፣ አተላውን ለጎረቤቴ ላም ያመጣል፤ ላሟ እስክትሰክር ድረስ። የሚዘጋ ቱቦ ጠፋ። ስልኩ ዝም አለ። ሰኔ ተጋመሰ፣ ዝናቡም ጀመረ፣ አባቴ ጋቢውን አጣጥፎ ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

አንድ ቅዳሜ፣ «ቱቦው ሁሉ ሸጋ ሁኗል። እግሬም ሸጋ ነው። ሰኞ ልሂድ» አለኝ።

«ሐኪሙ...»

«ሐኪሙ ሐሙስ ዕለት ሂድ ብሎኛል።»

«መንገዱ ግን...»

«ተከፍቷል። ትናንት ከአምባ ጊዮርጊስ በማኪና የመጣ ሰው አግኝቻለሁ።»

«መድኃኒቱስ?»

«ጨርሻለሁ።»

ሰበቤ አለቀ። የሚያዝበት ሌላ ነገር ፈለግሁ፣ ምንም የለም። ያን ቀን ምሳም እራትም አልበላሁም፤ ስለ ባዶው ቤቱና ስለዚያ ስለወደቀበት ደጅ ሳስብ ዋልኩ።

ያደረግሁት ለተማሪዎቼ የማልነግረው ነገር ነው። እሑድ ጠዋት አባቴ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ የማንሆሉን ክዳን ከፈትኩና አንድ የወጥ ቤት ፎጣ በመጥረጊያ እንጨት እየገፋሁ ቱቦው ውስጥ ከተትኩት። ክዳኑን መለስኩ። ከዚያ ወጥ ቤት ገብቼ አንድ ጄሪካን ሙሉ ውኃ፣ በዚያ የውኃ ችግር፣ ላቫንዲኖው ላይ ለቀቅኩት። ቱቦው አላሳፈረኝም፣ ሞልቶ ቆመ። አባቴ በሩን ሲከፍት ደረቴን እየመታሁ ወጣሁ።

«አባየ፣ ኧረ ጉድ ሆንኩ! ቱቦው ተዘጋ!»

ነጠላውን አጣፍቶ እንዳለ በርጩማውን ሳበ። ክዳኑን አስከፈተኝ፣ ሽቦ አስመጣኝ፣ ጫፉን ቆልምሞ ወደ ውስጥ ሰደደውና ሁለቴ ሳይሞክር ጎተተው። ፎጣው ብቅ አለ። ጭቃው ነክቶታል እንጂ በአራት እንደታጠፈ ነው፤ ቸኩዬም ቢሆን ጨርቅ ሳላጣጥፍ ማስቀመጥ አይሆንልኝም።

አባቴ ፎጣውን ገልበጥ አድርጎ አየው። «ይህ ምንድን ነው?»

«ከገመድ ላይ ወድቆ ይሆናል።»

«ወድቆ፣ ክዳኑን ከፍቶ፣ ራሱን በአራት አጣጥፎ ገባ?»

ሃምሳ ተማሪ ፊት ቆሜ ቀኑን ሙሉ ስለፈልፍ የምውል ሴት፣ የመጥረጊያ እንጨቱን አንሥቼ ያልቆሸሸ መሬት መጥረግ ጀመርኩ። አባቴ ፎጣውን በቀስታ ጨመቀውና ድንጋዩ ላይ አስቀመጠው። ሳቀ እንዳልል አልሳቀም፣ ተቆጣ እንዳልል አልተቆጣም።

«ስምንት ወር ሙሉ» አለ፣ «ሐኪሙ እንዲህ አለ፣ መንገዱ እንዲህ ሆነ፣ መድኃኒቱ እንዲህ ነው ስትይኝ ከረምሽ። የሁሉንም ሰማሁ። አንችስ? አንች ምን አልሽ?»

ያ ክፍት ማንሆል በአፍንጫችን ሥር ይሸታል፣ እንባዬ ይወርዳል፣ እጄ ላይ የመጥረጊያ እንጨት ይዣለሁ።

«እኔማ እዚሁ ቅር ነው የምለው» አልኩ።

«ታዲያ በይዋ።»

«ቅር፣ አባየ። አትሂድብኝ።»

«እሽ» አለ። ምርኩዙን ተደግፎ ተነሣና ነጠላውን አስተካከለ። «አሁን ክደኝው፣ ይሸታል።»